ዶክተር ሃልዴን እና የኮትለር ወላዶች

ቨርና ኬስለር ከዶክተር ሮይስ ሃልዴን ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ስትሠራ፣ አንድም ቀን ነጭ ጋዋን ለብሶ አይታው አታውቅም። ሰውየው ሕመምተኛ የሚያየው እጅጌው በተጠቀለለ ሸሚዝ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የምርጫ ፖስተር ከኮትለር ከተማ መግቢያ፣ ከእህል ጎተራው አጠገብ ሲሰቀል፣ ቨርና መኪናዋን ዳር አስይዛ ትክ ብላ አየችው። ቅንጣት እድፍ የሌለበት ጋዋን፤ አንገቱ ላይ ማዳመጫ፤ ከሥሩም «የተቀበለቻችሁ እጅ ትወክላችሁ» የሚል ጽሑፍ።

«ጋዋኑን ከየት አመጡት?» አለችው በማግስቱ ክሊኒክ ስትገባ።

«ፎቶ አንሺው ነው ያመጣው» አለ እየሳቀ። «ሰው ሐኪም መሆኔን እንዲያውቅ ነው አለኝ።»

«እዚህ አገር ሐኪም መሆንዎን የማያውቅ ማን አለ? ግማሹን ያዋለዱት እርስዎ አይደሉ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ።»

እውነት ለመናገር ሃልዴን ጥሩ ሐኪም ነበር። ይህን ቨርናም አትክድም። በነብራስካ የጥር በረዶ መኪናው ተቀብሮበት፣ አራት ማይል በእግሩ ሄዶ መንታ ያዋለደበት ጊዜ አለ። ያበላሸው ሙገሳ ነው። በቤተ ክርስቲያን የእራት ግብዣ ላይ አንዱ «አንተን የመሰለ ሰው ዋሽንግተን ነበር የሚያስፈልገው» አለው፤ ሌላው አጨበጨበ፤ እሱም ሹካውን አስቀምጦ አንገቱን ሰበር አደረገ። ከዚያ ወዲህ የሕመምተኛውን ደረት ከሚያዳምጥበት ጊዜ ይልቅ እጁን ጨብጦ የሚያወዛውዝበት በለጠ። መጀመሪያ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ፤ ቀጥሎ የአገሪቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ ዋሽንግተን ገባ። ክሊኒኩን የተረከበው ወጣት ሐኪምም ሁለት ክረምት እንኳ ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ትልቅ ከተማ ሄደ።

ዋሽንግተን ላይ ሃልዴን የተማረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ መንገድ ይጠየቅ፣ ስለ ጦርነት ይጠየቅ፣ ስለ በቆሎ ዋጋ ይጠየቅ፣ መልሱ የሚጀምረው «እንደ ሐኪም ስናገር» ተብሎ ነበር። በአምስተኛው ዓመቱ ለገጠር ሆስፒታሎች የሚሰጠውን ድጎማ የሚቀንስ ሕግ ቀረበ። እንደ ሐኪም ተናገረና ደገፈው። ዓመት ሳይሞላ የኮትለር ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ምጥ የያዛት ሴት ዘጠና ማይል መሄድ ግድ ሆነባት።

ቨርና ዋሽንግተን ቢሮው ደወለች።

«የተከበሩ የምክር ቤት አባል አስተያየትዎን ከፍ አድርገው ነው የሚመለከቱት» አለቻት አንዲት ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ።

«ከፍ አድርጎ ከሚያየው ዝቅ ብሎ ያንብበው» አለችና ቨርና ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ለአራተኛ ጊዜ ሲወዳደር፣ ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሃልዴን ወደ ኮትለር መጣ። በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ የፓንኬክ ቁርስ ተዘጋጅቶ ሕዝቡ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ቨርናም መጥታለች። የሙአለ ሕፃናት አስተማሪዋ ጆሊን ብራንት፣ ሆዷ ገፍቶ፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ተነሣች።

«ዶክተር፣ እኔ የመውለጃ ቀኔ ደርሷል። ዘጠና ማይል…»

ጥያቄዋን አልጨረሰችም። የእንሽርት ውሃዋ እወለሉ ላይ ፈሰሰ። የከተማይቱ አንድ ለእናቱ የሆነ አምቡላንስ ጠዋት የልብ ሕመምተኛ ይዞ ወጥቶ አልተመለሰም። ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ ሃልዴንን አየው።

ሃልዴን ወደ ቨርና ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቨርና፣ የሙያ ፈቃዴን ካላሳደስኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። አንድ ነገር ቢፈጠር… ደግሞ በዚህ ሰዓት…»

«እጅህን ታጠብ» አለችው። ያን ሁሉ ዓመት አንቱ ስትለው ኖራ አንተ ያለችው ያን ዕለት ነው።

«ሄሊኮፕተር ልጥራ። እሱ ይሻላል።» ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ።

ቨርና ጆሊንን ደግፋ የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ አስገባቻት። የአሳማ አርቢው ሚስት ኦፓል ኖቫክ ፎጣና ሙቅ ውሃ ይዛ ተከተለቻቸው። ምጡ ጠናና ፈጠነ። ጭንቅላቱ ሲወጣ ቨርና እትብቱ አንገት ላይ መጠምጠሙን አየች።

«አሁን እንዳትገፊ! ትንፋሽሽን ብቻ፣ የኔ ልጅ፣ ትንፋሽሽን ብቻ!»

ጣቷን አሾልካ እትብቱን በጭንቅላቱ ላይ አሳለፈችው። ሴት ልጅ ነበረች፤ መልኳ ጠቁሮ፣ ድምፅ የላትም። ቨርና ጀርባዋን በፎጣ አጥብቃ አሸችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሕፃኗ እሪ ስትል ኦፓል ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ይሄኔ በሩ ተከፈተ። ሃልዴን ያንን ነጭ ጋዋን ከመኪናው አውጥቶ ለብሶ፣ ፎቶ አንሺውን አስከትሎ ገባ።

«እስኪ የኔን ቆንጆ ልያት!» አለና ሕፃኗን ከቨርና ክንድ ወሰዳት። ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ።

«የት ነበሩ ዶክተር?» አለችው ጆሊን።

«እርዳታ እየጠራሁ ነበር።»

«እርዳታዋማ እዚሁ ነበረች።»

ቨርና እጇን ዘረጋች። «ይበርዳታል። ለእናቷ መልሳት።» መለሰ። ፊቱ ግን አልቀላም፤ ሐፍረቱን ከሙያ ፈቃዱ ጋር አብሮ ሳያሳድሰው ቀርቷል።

በሳምንቱ ያ ፎቶ በየቤቱ የፖስታ ሣጥን ገባ፤ ከላዩ «ዛሬም በሥራ ላይ» ይላል። ቨርና ለከተማይቱ ጋዜጣ ማን እንዳዋለደና ሃልዴን በዚያን ሰዓት የት እንደነበረ አምስት መስመር ጻፈች። ጋዜጣውም ከአሮጌ ትራክተር ማስታወቂያ ሥር አወጣላት።

«አነበብነው» አላት ሃርቪ ግሩብ፣ የከተማይቱ ከንቲባና የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤት፣ ምስማር ልትገዛ ስትገባ። «ግን ቨርና፣ ምንም ቢሆን የኛ ሰው ነው።»

«የእናንተ ሰው ሴት ስታምጥ የሚገኘው መኪና ማቆሚያ ነው።»

«እኔ እንደሆን አልወልድ!» አለ ሃርቪ፤ ሱቁ ውስጥ የነበረው ወንድ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቶቻቸውና ሴት ልጆቻቸው ትዝ ያሉት አንድም አልነበረም። ሃልዴን በሰፊ የድምፅ ልዩነት አሸነፈ።

ሁለት ጊዜ ደግሞ ተመርጦ በቃኝ አለና የአንድ የመድን ኩባንያ አማካሪ ሆነ። የኮትለር ከተማ ምክር ቤትም የተዘጋውን የማዋለጃ ክፍል በስሙ ሊሰይም ወሰነ። ሃርቪ ቨርና ቤት ድረስ መጣ።

«ሐሙስ ጠዋት ነው። ከሱ ጎን ወንበር ይዘንልሻል። ስንት ዓመት አብራችሁ ሠርታችኋል!»

«ሐሙስ አልችልም። የጆሊን ወንድም አምና ከሩቅ ከተማ ያመጣትን ሙሽራ ለእርግዝና ምርመራ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ሌላ ሰው አይወስዳትም?»

«ማን? ዶክተሩ?»

ሃርቪ ባርኔጣውን አጠለቀና ወጣ። ቨርና ጡረታ ከወጣች ወዲህ ያን ዘጠና ማይል ነፍሰ ጡሮችን እያመላለሰች ትነዳው ነበር። ሐሙስ ዕለት ልጅቷን ማቅለሽለሽ ስላስቸገራት ሦስት ጊዜ ቆሙ። ምርመራው ደህና ሆነ፤ የፅንሱን የልብ ምት ሰምታ ልጅቷ አለቀሰች። ወደ ኮትለር ሲመለሱ ሥነ ሥርዓቱ አልቆ፣ ሁለት ሰዎች ከሆስፒታሉ ደጅ ወንበር እየሰበሰቡ ነበር። ሃልዴን መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ቨርናን አያትና፣ እንደ ልማዱ፣ እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘላት።

«ማነው እሱ?» አለች ልጅቷ።

«የድሮ ሐኪም ነው» አለች ቨርና። ፍጥነቷን ሳትቀንስ አለፈች።