ለፍየሏ የተነገሩ ቃላት

ሱጉና ስልኳን ከዱቄቱ ጣሳ ጋር አስደገፈች። ለሥራ የምትፈትናት ማዳም ከጃይፑር ከተማ አሁን ትደውላለች። የባሏ ታላቅ ወንድም ባንዋር ደግሞ እሷንና ልጇን ጭኖ ሊወስድ ከመንደር ተነስቷል። ማን እንደሚቀድም እንጃ።

ባሏ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ ማስካት ከሄደ ወዲህ ባንዋር «ከተማ ምን ትሠራለች? መንደር መጥታ የቤት ጎሾቹን ትለብ እንጂ» እያለ መቀመጫ ነስቷት ነበር። ባልየውም በስልክ «ደሞዝ ያለው ሥራ ካገኘሽ ትቀሪያለሽ፤ ካላገኘሽ ወንድሜ ያለሽን ታደርጊያለሽ» ብሎ እጁን ታጠበ። መንደር መግባት ማለት ደግሞ ልጇ ትንሿ ፒሁ አሁን ከምትማርበት ከናዋልጋር ከተማ ትምህርት ቤት ወጣች ማለት ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪው ከመጣ መጣ፣ ከቀረም ቀረ ነው። ሱጉና ይህን የጃይፑር ሥራ እንደ ነፍሷ የፈለገችው ለዚህ ነው። ሥራው ሂንዲ ብቻ ለሚያውቁ ተፈታኞች ከበድ ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ቤቷ ተቀምጣ በስልክ ማስተማር ነው።

እሷ ራሷ ቃላቱን የተማረችው ከአማቷ፣ ጡረታ ከወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ከማስተር ጎርዳን ነው። የተማረችበት መንገድ ግን አስቸጋሪ ነበር። በዚያ ቤት ምራት ለአማቷ ፊቷን አታሳይም፣ ድምጿንም አታሰማም፤ አማትየውም በቀጥታ አያነጋግሯትም። ይህን ወግ ያወጣው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እሱ ይወቅ። ሽማግሌው ታዲያ መላ አላጡም። ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ግቢ ውስጥ የታሰረችውን ፍየል ያስተምራሉ።

«ስሚ አንቺ ፍየል! የዛሬው ቃል ይሄ ነው፤ ትርጉሙም እንዲህ ነው» ይላሉ ጮክ ብለው።

ሱጉና ከኩሽናው መጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማለች። ከገባት የናሱን ሳህን በማንኪያ አንዴ ታንኳኳለች፤ ካልገባት ሁለቴ። ሁለቴ ሲሆን «ይቺ ፍየል ዛሬ ምን ሆናለች? በይ እንደገና!» ብለው ይደግማሉ። ጎረቤቱ «ማስተር፣ ፍየሏ መቼ ነው የምትመረቀው?» እያለ ይስቅባቸዋል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። እኚህ መምህር ግን ተማሪያቸው አንዲት ቃል ስትናገር ሰምተው አያውቁም።

ስልኩ ጮኸ። መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ብቅ አለች። በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት፤ ሱጉናም መለሰች። መጀመሪያ ድምጿ ተቆራረጠ፤ በኋላ ግን ቃላቱ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ። በረንዳው ላይ የማስተር ጎርዳን ጋዜጣ መንኮሻኮሹን አቆመ።

«ጥሩ ነው» አለች ማዳም። «አሁን ዋናው ይቀራል። ተማሪሽ የገበሬ ልጅ ነው እንበል። ሪላክታንት የሚለውን ቃል ዕድሜ ልኩን እንዳይረሳው አድርገሽ በሂንዲ አስረጂው።»

ይህን ጊዜ ጂፕ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? የት አለች ይቺ ሴትዮ? ዕቃዋን አላወጣችም እንዴ?» የባንዋር ድምፅ ነው።

«መጀመሪያ ቁጭ በል። ውሃ ጠጣ» አሉት አባቱ።

«ምን ውሃ አለ አባባ! ጎሾቹን ለማን ጥዬ ነው የምቀመጠው?»

ባንዋር የኩሽናውን መጋረጃ ገለጠው። የሱጉና እጅ እሷን ሳያማክር ሻርፗን ጎትቶ እስከ አገጯ አወረደው።

«ሱጉና? ጨርቅ ብቻ ነው የሚታየኝ። አለሽ?» አለች ማዳም።

ባንዋር ወደ በረንዳው ዞረ፤ እሱም ቢሆን በቀጥታ አያናግራትም። «ወንድሜ በረሃ ላይ ይቃጠላል፣ ሚስቱ እዚህ በስልክ ወሬ ትጠርቃለች! ይንገሯት አባባ፣ ትዝጋው!»

ሱጉና በዚህ ሰው ፊት ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«ከሌለሽ ሌላ ተፈታኝ እየጠበቀኝ ነው» አለች ማዳም።

«ሪላክታንት ማለት…» አለች ሱጉና ከሻርፑ ሥር፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። «አፉ እሺ እያለ ልቡ እምቢ የሚል ሰው…»

«አልሰማሁሽም።»

«ጭራሽ አፍ አወጣች!» ባንዋር እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

ኳ፣ ኳ።

የማስተር ጎርዳን ከዘራ የበረንዳውን ድንጋይ ሁለቴ መታ። «ምን ፈለጉ አባባ?» ብሎ ባንዋር ዞር አለ። እሱ ምን ያውቃል። ሱጉና ግን ታውቃለች። አልገባኝም፣ ይደገም ማለት ነው። እስከዛሬ የምታንኳኳው እሷ ነበረች። ሻርፗን ይዛ ከፊቷ ላይ ገለጠችው።

«ስማኝ ልጄ» አለች ስልኩን እያየች፣ በረንዳው ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «አንዲት ሴት ልብስሽን ጠቅልይ፣ መንደር እንሄዳለን ተባለች። ጠቀለለች። ጂፕ ላይ ውጪ ተባለች። ወጣች። ጎሽ እለቢ ተባለች። አለበች። አንድም ቀን እምቢ አላለችም። ከልቧ ግን አንድም ቀን እሺ አላለችም። ሪላክታንት ማለት ያቺ ሴት ናት። እዚያው አርጅታ ብትሞት፣ ሪላክታንት እንደሆነች ትሞታለች።»

ባንዋር ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጠፋው። የታናሽ ወንድምን ሚስት ፊት ማየት ለእሱም ነውር ነውና መሬት መሬት እያየ፣ መጋረጃው ውስጥ እየተደናበረ ወጣ።

ማዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ይሄንን ልጁ አይረሳውም። ሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

ውጪ ባንዋር እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ይጮሃል። «ሰሙ አባባ? እኔ ፊት፣ ፊቷን ገልጣ!»

«ሰማሁ» አሉ ማስተር ጎርዳን። «ዛሬ ገና ሰማኋት። ወንድምህ ሥራ ካገኘች ትቅር ብሏል፤ አግኝታለች። ጂፕህን ባዶውን መልሰው።»

ከዚያም ፍየሏን ትተው ወደ መጋረጃው ዞሩ። ከዘራቸውን አነሱና ድንጋዩን አንዴ መቱት።