ታላቃችን ሥራውን ሲተው

ታላቅ ወንድሜ የእንጨት ሥራውን ትቶ አስተማሪ የሆነ ጊዜ እኔን ያናደደኝ የመጋዙ ነገር ነው። ትልቁ መጋዛችን በሁለት ሰው የሚሳብ ነው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው እጁን ማላላት አለበት። ከገፋ መጋዙ ይጎብጣል። አባታችን ከሞተ በኋላ ከታላቄ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ስንስብ አንድም ቀን አልጎበጠብንም። እሱ ሲሄድ ችኩሎ የምንለው ታናሻችን ተተካ፤ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ አጎበጠው።

ከዚያ ወሬው ይጎርፍ ጀመር። ድውይ ፈወሰ፣ ሕዝብ ተከተለው፣ ሹማምንቱ ጥርስ ነከሱበት። ደንበኞቻችን በር ሊያሠሩ መጥተው የበሩን ልክ ይረሱና ስለ እሱ ይጠይቁኛል። እኔ ምን ልበል? አውራ ጣቱን በመዶሻ ቀጥቅጦ ሲያለቅስ ያየሁት ሰው ነው። ጉንፋን ሲይዘው በሳሉ እንቅልፍ የነሳኝ ሰው ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ እኔማ ልጡን ነክሬ ጨርሻለሁ።

እህል መቅመስ ትቷል፣ አእምሮው ሳይነካ አልቀረም ሲሉን ግን ልናመጣው ከእናታችን ጋር ሄድን። ያለበት ቤት እስከ ደጁ በሰው ተጨናንቋል። እናታችን ተጋፍቼ ልግባ ብትል ከለከልኳት። ቤተሰቦቹ እኛ፣ የምንጋፋው እኛ? እሱ ይውጣ አልኩና ሰው ላክሁበት። የላክሁት ሰው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተመለሰ። ዙሪያውን የተቀመጡትን እያየ፣ እናቴም ወንድሞቼም እነዚህ ናቸው ብሏል አለን። እናታችን ሻሿን አስተካከለች። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ የማወራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በኋላ አንድ ጊዜ ቤት መጣ። ሳልጠይቀው የመጋዙን ሌላ ጫፍ ያዘ። አንድ ሙሉ ግንድ ሰነጠቅን፤ እጁ ምንም አልረሳም። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እንዳይሄድ ልለምነው አስቤ ነበር። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

"ጋሼ፣ እንዳንተ ያለ ትልቅ ሰው እዚህ መንደር ውስጥ ምን ይሠራል? ዋናው ከተማ ሂድና ዓለም ይይህ እንጂ።"

ወንድሞቼ ሳቁ። እሱ ሰጋቱራውን ከልብሱ ላይ አራገፈና አየኝ። እዚያ ሊገድሉት የሚፈልጉ እንዳሉ እየሰማሁ ነው ይህን ያልኩት።

ሄደም። እናታችን ተከተለችው። እኛ የአንድ ባለጸጋ በር ለማድረስ ቃል ገብተናል ብለን ቀረን። መሰቀሉን የነገረን መንገደኛ ነው።

እናቴን ላመጣት ሄድኩ። ከተከታዮቹ መካከል በአንድ ወጣት ቤት ተቀምጣ የወጣቱን እጅጌ ስትጥፍ አገኘኋት። ጓዝሽን ሸክፊ፣ እንሂድ አልኳት።

"የምኖረው እዚህ ነው" አለች። "ወንድምህ ነው እናት አድርጎ የሰጠኝ።"

"ለማን?"

"ለዚህ ልጅ። እንጨቱ ላይ ሆኖ።"

ደሜ ፈላ። እኛ ልጆቿ እያለን ለባዕድ? ሞተናል እንዴ? ያለኝን ሁሉ ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

"መጀመሪያ ሰዉን ሁሉ በዓይኑ ዞረው" አለች። "አንገቱን ማቅናት አቅቶት እንኳ ደጋግሞ ዞረው። እናንተን እየፈለገ እንደሆነ ገባኝ፤ እናት ነኝና። ሲያጣችሁ ነው ይህን ልጅ ያየው።"

መርፌዋን መልሳ አነሳች። የት እንደነበርኩ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።