«ልቤን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ሃጋር አሽቀሎን ውስጥ ባንድ ክሊኒክ በዕብራይስጥ መጋሸሬት የሚሏት አስተርጓሚ ነበረች። በሐኪሙና አማርኛ ብቻ በሚያውቀው በሽተኛ መካከል ተቀምጣ የአንዱን ቃል ለሌላው ታስረዳለች። የምትሠራው በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሑድና ረቡዕ ብቻ ነው። በቀሩት ቀኖች ሽማግሌዎቹ በሽተኞች ብቻቸውን ገብተው፣ ሳይሰሙና ሳይደመጡ ይወጣሉ።

ይኼ ሲያናድዳት ከረመና በ2006 በፈረንጆች አቆጣጠር ብሎግ ከፈተች። የሚያነቡት ሐኪሞችና ነርሶች እንዲሆኑ ፈልጋ በዕብራይስጥ ጻፈችው። «ነፋስ መታኝ» ያለ ሰው ምን እንደሆነ፣ «ሰውነቴን ይቆረጥመኛል» ሲል የት የት ማለቱ እንደሆነ፣ «ሆዴ ባባ» ያለች ሴት የሆድ መድኃኒት እንደማያሻት ጻፈች። እያንዳንዱን አባባል በአማርኛ ፊደል አስቀምጣ ከሥሩ አነባበቡንና ትርጉሙን አከለች። በስድስት ወር ውስጥ ያነበቡት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ዘመዶቿ።

ያሪቭ የተባለ፣ በውትድርና አብሯት ያገለገለ ልጅ ነበር። ቴል አቪቭ ውስጥ የድርጅቶችን ድረ ገጽ በጉግል ፍለጋ ላይ ወደ ላይ ማውጣት ሥራው ነው። አንድ ቀን ብሎጓን ስታሳየው የረጅሙን ጽሑፏን ርዕስ አንብቦ ሳቀባት።

«“ባህልና ሕክምና በዘመናችን”? ማነው ይኼን ጉግል ላይ የሚጽፍ?»

«ታዲያ ምን ይጻፍ?»

«እኔ ምን ዐውቄ! አጠገባቸው የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። በሽተኛው ፊታቸው ቁጭ ብሎ ሲያቅታቸው ምን ብለው እንደሚፈልጉ እዪ።»

አየች። አንዲት ነርስ «ኢትዮጵያዊ በሽተኛ ልቤን ይለኛል ምን ማለቱ ነው» ብላ ስትጽፍ ከትከሻዋ ላይ አነበበች። ያን ሰሞን ረጅሙን ጽሑፍ አርባ ቦታ ቆራረጠችው፤ የእያንዳንዱንም ርዕስ ነርሷ እንደምትጠይቀው አድርጋ ጻፈችው።

«ርዕስ ብቻውን አይበቃሽም» አላት ያሪቭ። «ሊንክ ያስፈልግሻል። ሰው ራሱን ቢያወድስ ማን ይሰማዋል? የሚታመነው ጎረቤት ሲመሰክርለት ነው። ጉግልም እንደዚያው ነው፤ ሌሎች ገጾች ወዳንቺ ሲጠቁሙ ያምንሻል።»

ሃጋር ግን መለመን አታውቅም። ለነርስ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች «እባካችሁ ሊንክ ስጡኝ» አላለችም። «ለተማሪዎቻችሁ ይጠቅም እንደሆነ እዩት፤ ካልጠቀመ ምን እንደጎደለው ንገሩኝ» ብላ ጻፈች። አብዛኞቹ ዝም አሉ። አንዲት የቤርሼባ አስተማሪ በትምህርቷ ገጽ ላይ አኖረችው። ከዚያ የነርሶች መወያያ መድረክ ተቀበለው፣ ከዚያም ሌሎች። ዓመት ሳይሞላ፣ «ልቤን ይለኛል» ብሎ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የሷን ገጽ ሆነ።

ብርዱ በገባበት ሰሞን አንድ ትልቅ የጤና ድረ ገጽ አርባውን ጽሑፍ እንዳለ ወሰደ። ስሟን አጠፋው፤ የአማርኛውንም ፊደል ጣለው። ድረ ገጹ ታዋቂ ስለነበር በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጂው ከሷ በላይ ወጣ። ደወለች። ያነሳችው ታማር የምትባል የድረ ገጹ ኃላፊ ናት።

«ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር የሁሉም ነው» አለቻት ታማር። «እንዲያውም ሥራሽ ለብዙ ሰው ስለደረሰ ደስ ሊልሽ ይገባል።»

ሃጋር ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ክስ ልመሥርት ብላ አሰበች፤ ጠበቃ የት አላት? እንደ ተናደደች ሰነበተች።

እሷ በሌለችበት ባንድ ማክሰኞ አባባ ፈረደ ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። ራማት ኤሽኮል ሰፈር ውስጥ ከሃጋር ወላጆች በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ከፋብሪካ ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ደረታቸውን ይዘው በሚችሏት ዕብራይስጥ «ሃሌቭ ሼሊ» አሉ፤ ልቤን ማለታቸው ነው። ተረኛው ሐኪም ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ አነበበ፣ ፈገግ አለ፣ የጨጓራ ክኒን ጻፈላቸውና ሸኛቸው። ሐሙስ ጧት ደረጃው ላይ ወደቁ። አምቡላንስ አነሳቸው። የልባቸው ሥር ተዘግቶ ኖሮ በመከራ ተረፉ።

ሃጋር ይኼን ስትሰማ ሐኪሙ የትኛውን ገጽ እንደከፈተ ጠየቀች። ሐኪሙ ያነበበው ቅጂውን ይሁን እንጂ መስመሩ የሷ ነበር። ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፤ «ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ “ልቤን” ሲል ሆዱን ማለቱ ነው።» «አንዳንዴ» አላለችም። «አጣሩ» አላለችም።

ሆስፒታል ሄዳ አልጋቸው አጠገብ ቆመች።

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሐኪሙ ያነበበው እኔ የጻፍኩትን ነው።»

ሽማግሌው ወደሷ ዞሩ። «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ነገረቻቸው።

«ውሸት አይደለም» አሉ። «ጎደሎ ነው። ልቤን አቃጠለኝ ካልሁ ሆዴን ነው፤ በርበሬ ነው፣ ጾም ነው። ልቤን ተጫነኝ፣ ክንዴን አደነዘዘኝ ካልሁማ ሞት ነው። እኔን ጠይቀሽኝ ነበር?»

«አልጠየቅሁዎትም።»

«ታዲያ አሁን ጠይቂኝ። ወረቀት አምጪ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ገጿን አስተካከለች። መስመሩን በዝምታ አልፋቀችውም። ከላይ በደማቁ «ተሳስቼ ነበር፤ በዚህ ስህተት ሰው ሊሞት ነበር» ብላ ጽፋ የሆነውን ተረከች። የሰውየውንም የክሊኒኩንም ስም አልጠራችም። ከዚያ ታማር ዘንድ ደወለች።

«መስመሩን አጥፉት። ስህተት ነው።»

«የኛን ገጽ ባለሙያ አይቶታል» አለች ታማር። «አንቺ ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት እንደሆነ የምነግርሽም እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። አዲሶቹን ጽሑፎች ላኪልንና ስምሽን ከሥር እናስገባልሽ።»

«ስሜን አልፈልግም! መስመሩን አጥፉ አልሁሽ።»

አላጠፉም። ቅጂው አንደኛ፣ የታረመው ሁለተኛ ሆነው ቀጠሉ። አብዛኛው ሐኪም ደግሞ የሚከፍተው አንደኛውን ብቻ ነው።

ያሪቭ ይኼን ሲሰማ መላ አመጣ። «ሊንክ የሚሸጡ ሰዎች አውቃለሁ። ከሁለት መቶ ገጽ በአንዴ ያስጠቁሙልሻል፤ በሳምንት ከቅጂው በላይ ትወጫለሽ።»

«ምን ዓይነት ገጾች ናቸው?»

«የቁማር፣ የብድር… ማን ያያቸዋል? ጉግል ከነቃ ግን ከፍለጋው ጨርሶ ያስወጣሽ ይሆናል።»

«እኔ በሐሰት ምስክር አልገባም» አለችው። «ለነሱ የመሰከሩት እነማን እንደሆኑ ብቻ አሳየኝ።»

አሳያት። ወደ ቅጂው የሚጠቁሙ ሃያ ሦስት ገጾች ነበሩ፤ ትምህርት ቤቶች፣ የሐኪሞች ማኅበር፣ የነርሶች ብሎጎች። ሃጋር ስልክ ቁጥራቸውን ፈልጋ አንድ ባንድ ደወለች። ሰረቁኝ ብላ አላማረረችም። «የምትጠቁሙበት ገጽ ውስጥ ያለውን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ አርሜዋለሁ፤ እነሱ እንቢ ብለዋል። ሁለቱን አንብቡና ፍረዱ» ትላለች። አንዱ ስልኩን ዘጋባት። አንዷ አለቀሰች፤ ለሰባ ተማሪ ያን መስመር አስተምራ ነበር።

እናቷ እትዬ ደጅይጥኑ አልወደዱላትም። «አይ ልጄ፣ በገዛ እጅሽ ስምሽን ታጠፊያለሽ? ተሳስቻለሁ ብሎ አደባባይ የሚጮኽ ማን አለ?»

«ሰው ከሚጠፋ ስሜ ይጥፋ፣ እማዬ።»

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅም አስጠራት። ወሬው ደርሶታል።

«የክሊኒኩ ስም አልተጠቀሰም» አለ፣ «ግን የት እንደምትሠሪ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ታሪኩን ከገጹ አጥፊው። እርማቱ ብቻ ይኑር።»

«ሐኪሞቹ የሚያነቡት ታሪኩን ነው። እርማቱን ብቻ ባስቀምጥ ማንም አያስተውለውም።»

«ሃጋር፣ ውልሽ በሚቀጥለው ወር ያልቃል።»

«አውቃለሁ» ብላ ተነሳች።

ውሉ አልታደሰም። አንዲት አሮጊት ቤት ገብታ መንከባከብ ጀመረች፤ ጧት ጧት ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች። ከሰዓት በኋላ አባባ ፈረደን ይዛ በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ትዘዋወራለች፤ ሐኪማቸው በየቀኑ ተራመዱ ብሏቸዋል። ባሕሩን የሚያይ አግዳሚ ላይ ሲያርፉ ትንሽዬ የድምፅ መቅረጫ ታወጣለች። ሽማግሌው ሕመምን ይቆጥሩላታል፤ ውጋት ይህ ነው፣ ቁርጥማት ይህ ነው፣ ምች ይህ ነው። ጓደኞቻቸውም እየመጡ ይጨቃጨቁ ጀመር፣ የስሜን ሰው እንዲህ ይላል፣ የወገራው እንዲያ ይላል እያሉ። ጭቅጭቁን ሁሉ ጻፈችው። ድምፃቸውንም ብሎጉ ላይ ጫነችው፤ ነርሷ ሰምታ እንድትለይ። ፊደሉን የጣለው ድረ ገጽ ይኼን ከየት ያመጣል?

ሊንኮቹ ቀስ በቀስ ዞሩ። በመጀመሪያው ወር አራት፣ በሁለተኛው ሰባት። ድምፁን የሰሙ ሌሎችም ሳትጠይቃቸው ጠቆሙላት። ፋሲካ ሲቃረብ ያሪቭ ደወለ።

«ክፈቺው! አንደኛ ነሽ!»

ከፈተች። የመጀመሪያው መስመር «ተሳስቼ ነበር» ይላል። ከሥሩ ያለውን ቅጂም አየችው። ያ ዓረፍተ ነገር የለም፤ በዝምታ አውጥተውታል። ይቅርታ የለ፣ መልእክት የለ። ሃጋር እልል አላለችም። ትከሻዋ ግን በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረድ ሲል ተሰማት።

በግንቦት ያቺ የቤርሼባ አስተማሪ ለተማሪዎቿ ንግግር እንድታደርግ ጋበዘቻት። ሃጋር አባባ ፈረደን ይዛ ሄደች። ስትጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«አንዴ ተሳስተሻል» አላት። «ዛሬ የነገርሽን ትክክል እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

አስተማሪዋ ልትገሥጸው ብድግ ስትል ሃጋር በእጇ ከለከለቻት።

«በምንም አታውቁም» አለች። «ለዚህ ነው ብቻዬን ያልመጣሁት።»

ወንበር ስባ አባባ ፈረደን መሃል አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ተማሪውን «ና፣ አንተም ጠይቀኝ» ብለው በጣታቸው ጠሩት።