ሳንጭን የገዛነው ኮምፒውተር

ብርድ ልብሱን ፈትቼ ስጨርስ ነው ያየኋት። ከሲፒዩው ጎን የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት «8 ጂቢ ራም» ትላለች። ልጄ ሰብሪና የጠየቀችው ግን አሥራ ስድስት ነበር። ኮምፒውተሩ ከጎባ ሮቤ ድረስ መጥቶ ሳሎናችን ተቀምጧል፤ ሻጩም እኛን ሸኝቶ ይሄኔ ምሳውን እየበላ ይሆናል።

ጥፋቱ የብርድ ልብሱ ነው። ሱቁ ውስጥ ዕቃው ከመደርደሪያ እንደወረደ ጠቀለልኩት። ሚኒባሱ ያንገጫግጨዋል፣ አቧራ ይገባበታል፣ ያየ ሌባም ቤታችን ድረስ ይከተለናል ብዬ ነው። ሰብሪና «እማዬ፣ ቆይ አንዴ ልየው» ስትለኝ «ቤት ታይዋለሽ» አልኳት። ይኸው፣ ቤት አየነው።

«ተበላን!» አልኩ። «ሰውየው ይሄኔ ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል።»

«ረቢያ፣ የጎባ ልጅ እኮ ነው። ወዴት ይጠፋል?» አለ ባለቤቴ ዓብዱልፈታሕ። «ሳነቴ ወጥቶ ከቀይ ቀበሮ ጋር ሊኖር ነው? ደግሞስ ስምንት ምን ይሆናል? ለአንድ ሰው አይበቃም?»

ባለቤቴ ስንዴ ነጋዴ ነው፤ ስለ ስምንት ኩንታል የሚያወራ ይመስል ነበር የሚናገረው። እኔ ግን ሌላው ሁሉ ቀርቶብኝ የሰብሪናን ፊት ነበር የማየው። ልጄ የሕንፃ ንድፍ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ እዚሁ ሮቤ ያለ ኢንጂነር ወንዶሰን የሚባል ሰው ሥራ ሊሰጣት ቃል ገብቶላታል። የመጀመሪያው ዲንሾ ላይ የሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለንብረቱ ቤቱ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ዛሬ ማታ በሥዕል ማየት ይፈልጋል። ሥዕሉ ከደረሰለት ልጄ ቤቷ ተቀምጣ ትሠራለች። ካልደረሰለት ደግሞ አዳማ ያለ አንድ ቢሮ ጠርቷታል፤ ነገ መልስ ትሰጣለች። አዳማ ሙቀት አለ፣ ወባ አለ፣ ብቻዋን የምትከራየው ክፍል አለ፣ የክፍሉ አከራይ አለ። አከራዩን አላውቀውም፤ ግን ከወዲሁ አልወደድኩትም።

«በስምንት አይሠራም?» አልኳት።

«ይከፈታል። ግን መሐል ላይ ቀጥ ይልብኛል።» አጠገቤ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ዲስኩን እንደ መጋዘን አስቢው። ዕቃ ይከማችበታል። ራሙ ደግሞ ጀርባ ነው፤ አሁን የምሠራውን የሚሸከመው እሱ ነው። መጋዘኑ ሰፊ ሆኖ ጀርባው ደካማ ከሆነ...»

«ገባኝ» አልኳት።

እውነትም ገባኝ። አባቴ ዲንሾ የጭነት ፈረስ ነጋዴ ነበር። ፈረስ ሊገዛ ሲሄድ የራሱን ገብስ በጆንያ ይዞ ይሄዳል። ሻጩ ፈረሱን በሜዳው ላይ ያስሮጥለታል፤ አባቴ ግን ዞሮም አያየውም። ጆንያውን ያስጭንና ዳገቱን ያስወጣዋል፤ ዋጋ የሚነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። የእሱ ልጅ ሆኜ ሳልጭን ገዛሁ። ያውም በብርድ ልብስ ጠቅልዬ!

«ተነሺ» አልኳት። «ሥራሽን በፍላሽ ያዢ። ያለሽን ሁሉ፣ ከባድ ከባዱን።»

ሲፒዩውን መልሼ ጠቀለልኩትና ከሰብሪና ጋር ወደ ጎባ ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ሱቁ ተዘግቶ፣ በሩ ላይ «ይከራያል» የሚል ተለጥፎ ይታየኝ ነበር። ስንደርስ ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባለሱቁ ዲኖም ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ የስልክ መስታወት ይቀይራል።

«አካም ጅርቱ፣ ሃዳ ኮ! እንደምን ነዎት፣ እናቴ? ምነው በሰላም? ታመመ እንዴ?» አለኝ የተጠቀለለውን እያየ።

«ከነበሽታው ነው የሸጥክልን!» ወረቀቷን አሳየሁት።

ጭንቅላቱን ያዘ። «ወላሂ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ፤ ተሳስቼ ያኛውን አወረድኩ። እርስዎ ደግሞ ወዲያው ሸፈኑብኝ! ግን ይሄም ለቤት ጥሩ ነው፤ ይዩት።» ገጣጠመና አንድ ቪዲዮ ከፈተ። ስክሪኑ ላይ መኪናዎች ይከንፉ ጀመር። «ይኸው፣ እንዴት እንደሚሮጥ ይመልከቱ!»

«ይሄማ ሜዳው ነው» አልኩት። «ዳገቱን አምጣ።»

ዲኖ ወደ ሰብሪና ዞረ። «ምን ማለታቸው ነው?»

«አያቴ ገብስ ጭኖ ዳገት ሳያስወጣ ፈረስ አይገዛም ነበር፤ ይጫን እያለችህ ነው» አለችና እየሳቀች ፍላሿን ሰካች። የእንግዳ ማረፊያውን ንድፍ ከፈተች። በላዩ ላይ የቦታውን ፎቶዎች፣ በዚያ ላይ ከኢንጂነሩ ጋር የምትጻጻፍበትን ቴሌግራም ከፈተች። ግድግዳው መጣ። ጣራው ግማሽ ላይ ደረሰና ቆመ። ማውሱን ብታንቀሳቅሰው የለም፣ ቢጠብቁት የለም።

«ተንበረከከ» አልኩ።

«ተንበረከከ» አለ ዲኖም። ሳልጨቀጭቀው ክዳኑን ፈትቶ፣ ከነበረችው ራም ጎን እንደሷ ያለች ሌላ ስምንት ሰካባት። «ከፍላችሁባት የጎደለችው ይህቺ ናት። ይኸው፣ አሥራ ስድስት ሆነ።»

ሰብሪና ያንኑ ሁሉ እንደገና ከፈተች። በልቤ ቢስሚላህ አልኩ። ግድግዳው መጣ፣ ጣራው መጣ፣ መስኮቱ፣ በረንዳው፣ በስተኋላ ደግሞ የዲንሾ ተራራ ሳይቀር መጣ። ቤቱን በማውሱ እያሽከረከረች ዙሪያውን አሳየችኝ። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቼ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም።

ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም። «ሠላሳ ሁለት አድርግልን» አልኩት ዲኖን።

«እማዬ!»

«ሥራው ቢበዛስ? ባለ አምስት ፎቅ ቢያመጡብሽስ?»

«ከያዘው ሌላ እኮ ገና ትርፍ አለው። እይው» አለችና ምን ያህሉ እንደተያዘ የሚያሳይ አንድ ገጽ ከፈተችልኝ። ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አንድ ያህሉ ነው የተያዘው። «ይሄ ሁሉ ተከፍቶ ነው።»

ዲኖ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። «ሃዳ ኮ፣ አባትዎ ሁለት ጆንያ ገብስ ለማስጫን ቆላ ብድሬ ድረስ ሄደው ግመል ይገዙ ነበር?»

«ግመል? ለዲንሾ ብርድ?» አልኩና ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። የአባቴን ፊት እያሰብኩ ነው። ሰብሪና ግን ከኔ ባሰች።

«ግን ቢበዛስ?» አልኩ ሳቄን ስጨርስ።

የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ ሲፒዩው ሆድ ጠቆመኝ። ከተሰኩት ሁለቱ አጠገብ ሁለት ባዶ ቦታዎች አሉ። «ሥራው ሲበዛ ያኔ ይምጡና ይጨመርበታል። እስከዚያ ቦታው አይሄድም።» ጎንበስ ብዬ ደህና አድርጌ አየሁት። ጥሩ ባዶ ቦታ ነው።

«አሁን መጠቅለል ይቻላል» አለች ሰብሪና።

ቤት ስንደርስ ጀንበር ገና አልጠለቀችም። ሰብሪና ሥራዋን ጀመረች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ መብራት ይሄዳል ብዬ አምፖሉን እጠብቃለሁ። አንዴ ብልጭ ድርግም አለ፤ አልሄደም። መግሪብ ሰግደን ስንመለስ ሥዕሉን ልካ ነበር። ራት ላይ ስልኳ ሲጮህ ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩት።

«እሺ ኢንጂነር... አዎ... በረንዳው ይስፋ? ይቻላል... እሺ፣ አመሰግናለሁ።» ስልኩን ዘግታ ወደኛ ዞረች። «ባለንብረቱ ወዶታል። ነገ ሁለተኛ ሥራ ይልክልኛል። ጠዋት አዳማ ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አባቷ።

እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቀጥዬ ግን «ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ አፍጥጠሽ ዓይንሽን ቢያምሽስ?» አልኳት። ሁለቱም እኩል ሳቁብኝ።

ኢሻ ሰግደን ቤቱ ጸጥ ማለት ሲጀምር ዓብዱልፈታሕ ከመኝታ ክፍል ድምፁን አሰማ። «ረቢያ፣ ብርድ ልብሴስ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ነው። አጥፍተነዋል፤ አይታፈንም። የሮቤን ብርድ መቼ ለምዶት!»

«እኔስ?»

«አንተ ለምደሃል። የውጭውን በር ዘግተሃል?»

«ዘግቻለሁ። ምነው፣ እሱንም ጭነሽ ልትሞክሪው ነው?»

በሩ ጋ ሄድኩ። ሰብሪና ክፍሏ ውስጥ ለአንዲት ጓደኛዋ ስለ ግመሉ በስልክ እያወራች ስትስቅ ይሰማኛል። ትከሻዬን ሰጥቼ በሩን ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። አልተነቃነቀም። ቁልፉን አንዴ ደግሜ አዞርኩትና ወደ ውስጥ ተመለስኩ።