ለእትዬ ተሻለች የገዛሁት ሽሮፕ

መንገድ ላይ አፌ አያርፍም። ከአዳማ ወለንጪቲ ሚኒባስ ስነዳ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልሰደብኩት የጭነት መኪና ሹፌር፣ ያልተጣላሁት ተራ አስከባሪ ያለ አይመስለኝም። ሰው «ካሚል ደፋር ነው፤ ፊት ለፊት ነው የሚናገረው» ይለኛል፤ እኔም አምኜው ኖርኩ። እናቴ ስትታመም ግን አንዲት ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ያቺ ቃል በመቅረቷ የተጎዳችው እናቴ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

እናቴ ኡሙሰልማ ትባላለች። ከወሎ አባቴን አግብታ አዳማ ከገባች ዕድሜዬን ይበልጣል። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት መውጣቱን ለወራት ደብቃን፣ በመጨረሻ ለእህቴ ለዋፊቃ በስልክ አወጣችው። ዋፊቃ ያገባችው ሻሸመኔ ነው፤ ከዚያው ሆና ጮኸችብኝና እናቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሙ ሁለታችንንም ሲጠራ «እሷ ውጪ ትቆይ» አልኩና ብቻዬን ገባሁ።

የጡት ካንሰር ነው አለኝ። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አልሄደም፤ በጊዜ መጥታችኋል፤ መጀመሪያ እብጠቱን በኬሞቴራፒ እናሳንሳለን፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና እናደርጋለን አለኝ። ሰውየው ተስፋ ነበር የሚነግረኝ፤ እኔ የሰማሁት ግን ያችን አንዷን ቃል ብቻ ነው። «ለእናትህ እኛ ብናስረዳቸው ይሻላል» ሲል፣ «ቤት ወስጄ ራሴ እነግራታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁለት።

እናቴ በኔ መኪና ስትሄድ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ጋቢና ነው። ሌላ ተሳፋሪ ቀድሞ ገብቶ እንኳ ቢሆን አስወርደዋለሁ። ያን ቀንም ጋቢና ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ምን አለህ?» አለችኝ።

ሞተሩን አስነሳሁ። «ደም ማነስ ነው እማ። ደምሽ አንሶ ነው ያበጠው። በየሦስት ሳምንቱ የደም ቫይታሚን በግሉኮስ ይሰጡሻል፤ ያሟሟዋል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «እኔ ደግሞ ያ በሽታ መስሎኝ ስንት ሌሊት ሳልተኛ!»

ያ በሽታ። እኛ ሰፈር ስሙን የሚጠራው የለም። መጥፎ ወሬም ለብቻ አይነገርም፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ጎረቤቱ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ ግቢ ገብቶ፣ እናቴን ከብቦ ነው ያረዳት። ታዲያ እኔ መኪና ውስጥ ለብቻዬ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ለራሴ እንዲህ ብዬ ነበር። እውነቱን ካወራን ግን ወግ ጠብቄ አይደለም። ስታለቅስ ማየት ፈርቼ ነው። ከዚያ ሁሉ ሹፌር ጋር የምጣላው ሰውዬ የአንዲት ሴት እንባ ፈርቼ ዋሸሁ።

ኬሞ የምትሰጠው ነርስ ሲስተር ጉዲቱ ናት። ገና ስታየን «አካም ጅርቱ እማማ!» እያለች ነው የምትቀበለን፤ እናቴ በዚያ ሰላምታዋ ብቻ ትወዳታለች። የመጀመሪያው ቀን ሲስተር ጉዲቱን ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ ለእናቴ የበሽታውን ስም እንዳትጠራባት ለመንኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ሰውነቱ የሳቸው ነው እኮ ካሚል» አለችኝ። «እኔ አልዋሻቸውም። ከጠየቁኝ እመልሳለሁ።» እናቴ ግን አልጠየቀችም። ልጇ ነግሯት የለ፣ ምን ብላ ትጠይቃለች?

ሲስተር ሁሉንም በደንብ አስረዳችኝ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች መድኃኒት ቀይ ነው፤ ሽንት ያቀላል፣ አያስደነግጥም። ፀጉር ይረግፋል፣ በኋላ ይበቅላል። ያቅለሸልሻል። ከሁሉ የሚያሰጋው ትኩሳት ነው፤ መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከለውን የደም ሴል ስለሚያወርደው፣ ሙቀቷ ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ሰዓት ሳይቆጠር ወደ ሆስፒታል። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። የማያም እብጠት፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ብብት ውስጥ የሚዳሰስ እጢ፤ እነዚህን ያየች ሴት ቶሎ ትታይ ይላል። «ለእህትህም፣ ለጎረቤትም አንብብላቸው» አለችኝ። እሺ ብዬ መኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ ወረወርኩት።

ቀዩ መድኃኒት ለውሸቴ ተመቸኝ። «ደም ስለሆነ ነው የቀላው» አልኳት። ፀጉሯ ሲረግፍ «አዲስ ደም ሲሠራ ነው» አልኳት። ትኩሳቱን ግን ምን ብዬ እንደማስፈራራት ጠፋኝና «ብርድ ብርድ ካለሽ ደውይልኝ» ብቻ ብዬ አለፍኩ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስትንቀጠቀጥ ውላ፣ በቫይታሚን ምክንያት ልጄን ከሥራ አላስፈታም ብላ ጋቢ ደራርባ ተኛች። አመሻሽ ላይ ስገባ ግንባሯ ያቃጥላል። አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ያኔ እንኳ አልነገርኳትም። ታይፎይድ ነው አልኳት፤ ታይፎይድን ማንም አይፈራም።

አሁን የማፍርበት ላይ ደረስኩ።

እትዬ ተሻለች ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። የመጡት ከሸዋ ነው፤ ባላቸው ጋሽ አብተው ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ ናቸው፣ መልካሳ ነበር የሚሠሩት። በኛ ጾም እትዬ ተሻለች ቀን ቡና እንዳይሸት ብለው አይቆሉም፤ በሳቸው ጾም እናቴ ሥጋ የነካ ድስት ይዛ በራቸውን አታልፍም። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ገበያ ስትሄድ የምጠብቀው እሳቸው ቤት ነበር።

ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። እብጠቷ ማነስ ጀምሮ ስለነበር ደስተኛ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ካሚሌ፣ ተሻለችም ደም አንሷታል» አለችኝ። «እንደኔው።» እንደኔው ስትል እጇ ሳታስበው ወደ ደረቷ ሄደ። ለወንድ ልጅ ጡት ብላ አትናገርም። «ወንድ ሐኪም ፊት መገለጥ አሳፍሯት ደብቃው፣ ለኔ ብቻ አሳየችኝ። እኔም ይኼማ ደም ማነስ ነው፣ እኔን አታዪም ወይ፣ እየሟሟልኝ አይደል? ብዬ አሳረፍኳት። ከፋርማሲ የሚሸጥ የደም ቫይታሚን አለ አይደል? ግዛላት። ያንን ቀዩን።»

እጇን አይቻለሁ። ገብቶኛል። ወላሂ፣ በዚያች ደቂቃ ምን እያለችኝ እንደሆነ ልቅም አድርጎ ገብቶኛል። እትዬ ተሻለችን ሐኪም ቤት ይሂዱ ብል እናቴ ለምን ትላለች፤ ለምን ካለች ውሸቴ ይፈርሳል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩና ፋርማሲ ሄድኩ። ደም ላነሰው የሚሰጥ ቀይ ሽሮፕ ገዛሁ። በራሴ እጅ ወስጄ ሰጠኋቸው። እትዬ ተሻለች ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «እመቤቴ ትባርክህ፣ ልጅ ማለት እንዳንተ ነው» አሉኝ። በሁለተኛው ወር ገዛሁ። በሦስተኛውም ገዛሁ። እያንዳንዱን ጊዜ መረቁኝ፤ እያንዳንዱን ጊዜ ዓይኔን ከዓይናቸው አሽሽቼ ወጣሁ።

ቀዩ አራት ዙር አልቆ እናቴ ወደ ነጩ መድኃኒት ተዛወረች። ሁለተኛውን ነጭ ልትወስድ በገባንበት ማለዳ ክፍሉ ሞልቷል። እናቴ ወንበሯ ላይ ተደግፋ፣ ግሉኮሱ እየተንጠባጠበላት ሳለ በሩ ተከፈተና ጋሽ አብተው እትዬ ተሻለችን ደግፈው ገቡ። ግራ ክንዳቸው አብጦ እጅጌያቸውን ሞልቶታል። ሳምንት ሙሉ ዘመድ ዘንድ ናቸው ተብለን ነበር፤ ለካ በምርመራ ሲንከራተቱ ነው የከረሙት።

«ተሻለች! አንቺም መጣሽ!» አለች እናቴ ደስ ብሏት፤ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ መታ መታ እያደረገች። ሲስተር ጉዲቱ ለእትዬ ተሻለች ቀዩን መድኃኒት ስታስገባላቸው ስታይማ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት። «ይቺ እኮ የኔዋ ናት! የደም ቫይታሚኗ! አይዞሽ፣ ሽንትሽን ስታቀላ እንዳትደነግጪ።»

እትዬ ተሻለች አዩአት። «ኡሙዬ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ይኼ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ነገረኝ። ብብቴ ውስጥ ገብቷል፣ ዘግይተሻል አለኝ።»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ወደኔ ዞረች። «ካሚል?»

እዚህ ላይ እንኳ እድል ነበረኝ። ክፍሉ በሙሉ እያየኝ፣ «ያንቺ ለደም ነው እማ» አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

እናቴ አላመነችኝም። «ሲስተር፣ የኔስ ምንድነው?» ብላ ጠየቀች፤ በአራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሲስተር ጉዲቱ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። «የእርስዎም ካንሰር ነው እማማ» አለቻት። «በጊዜ ስለመጡ መድኃኒቱ ይዞልዎታል፤ በጣም አንሷል።»

እናቴ ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ያ ሁሉ ውሸት የተዋሸው ለዚያ እንባ ነበር። አላለቀሰችም። ስለራሷ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ዓይኗ የእትዬ ተሻለች ክንድ ላይ ቀርቶ ነበር።

«እኔ ነኝ ያዘገየሁሽ» አለች። «በገዛ አፌ ደም ማነስ ነው አልኩሽ። አፌን ይቁረጠው።»

«ተይ ኡሙዬ! አንቺ በምን አወቅሽ? ደብቀውሽ።» እትዬ ተሻለች በደህናው እጃቸው የእናቴን እጅ ያዙ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ቀዩን ሽሮፕ ባመጣሁላቸው ቀን በመረቁኝ ድምፅ፣ «እሱንም አትቆጪው። የኔን እንኳ ምን ብሎ ያውቃል፣ ወንድ ልጅ። ደም ማነስ ስትዪው አምኖ ነው የገዛልኝ» አሉ።

ማምለጫዬን በእጃቸው ሰጡኝ። እሺ ብዬ ብወስደው ማንም አያውቅብኝም ነበር። እናቴም በዓይኗ ለመነችኝ፤ አላወቅኩም በል፣ ይቺ እንኳ ትቅርልኝ የምትል መሰለኝ።

«አውቅ ነበር» አልኩ። «እትዬ ተሻለች፣ እናቴ እንደኔው ስትለኝ እጇን አይቻለሁ። አውቄ ነው ሽሮፑን የገዛሁት።»

ጋሽ አብተው ኮፍያቸውን አነሱና ወጡ። እትዬ ተሻለች የእናቴን እጅ አልለቀቁም፤ ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ መለሱ። እስከዛሬ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ስንመለስ የጋቢናውን በር ከፍቼ ቆምኩ። እናቴ በአጠገቤ አልፋ ኋላ ገባች፤ ከእትዬ ተሻለች ጎን። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አብሬ ነው የማመላልሳቸው፤ ቀጠሮአቸውን ሲስተር ጉዲቱ አንድ ቀን አደረገችላቸው። ዳሽቦርድ ውስጥ የጣልኩትን ወረቀት አውጥቼ ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ለጥፌዋለሁ፤ የወለንጪቲ ሴቶች እየተጠጉ ያነቡታል፣ ይኼን ማን ለጠፈው ይላሉ፣ እኔ መንገዱን አያለሁ።

ባለፈው የእናቴ የቀዶ ሕክምና ቀን ተቆረጠ። ሐኪሙ ሁሉንም ለራሷ ነግሯት፣ እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ ስለሰማሁ፣ መንገድ ላይ እንደገና ላስረዳት ሞከርኩ። ምን እንደሚያወጡ፣ ስንት ቀን እንደምትተኛ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚቀራት፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። በመስታወቱ እያየችኝ አዳመጠችኝ።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ እማ። ሌላ የለም። ወላሂ።»

አንገቷን ነቀነቀችና ወደ እትዬ ተሻለች ዞረች።

«ተሻለች» አለች፣ «በሚቀጥለው ስንሄድ ሲስተርን አንቺ ጠይቂልኝ። እውነቱን መሆኑን።»