የታጠበ ብሎን

ቢየላው የተበጠሰው ጨንቻ ዳገት ላይ ነው። ቢየላ ማለት ፒስተኑን ከታች ይዞ የሚያወጣው የሚያወርደው ብረት ነው። ለሐዋሳው የመኪና ውድድር እየተለማመድኩ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን አስጩኼው ነበር። መጀመሪያ ኳ ኳ አለ። ከዛ አንድ ትልቅ ድምፅ፣ ጭስ፣ አስፋልቱ ላይ ዘይት። ወርጄ ሳይ የሞተሩ ጎን ተበስቷል። እጄ ይገባበታል።

የባሌ አባት ጋሽ ኦይታ በአይሱዙ መጥተው ጎተቱኝ። አባባ ነው የምላቸው። አልተቆጡም። አጎንብሰው ስብርባሪውን ለቀሙና ኪሳቸው ከተቱ። ከዛ «ሊሻን፣ አንቺ ደህና ነሽ?» አሉኝ። ደህና ነኝ ስላቸው «ሌላው ብረት ነው» አሉ።

ከአሮጌ መኪና ሌላ ሞተር አወረዱልኝ። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። አባባ ጋራዥ ውስጥ ምንም ነገር አይጣልም። የወጣ ብሎን በቤንዚን ይታጠብና ተመልሶ ይገባል። ከከተማችን ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ የሚመላለሱት የድሮ መኪኖች ግማሾቹ የሚሄዱት እሳቸው ባጠቡት ብሎን ነው። እውነትም ይሄዳሉ። የእኔ ሞተር ግን የነሱን እጥፍ ነው የሚዞረው። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ቢየላውን የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይሄን ስነግራቸው እሺ ይላሉ። እሺ ብለው የታጠበውን ያነሳሉ።

ለውድድር የተሠራ ወፍራም ቢየላ ከነብሎኑ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ካርቶኑን የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። በነጋታው ምሳቸውን እሱ ላይ አድርገው ሲበሉ አገኘኋቸው።

ባሌ ኤርጫፎ ሌላ ጋራዥ እንውሰደው አለ። አልፈለግኩም። ያን መኪና ከቆርቆሮ ክምር ውስጥ አውጥተው ለኔ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ሴት ልጅና ውድድር ምን አገናኛቸው ሲባል መሪ ያስያዙኝም እሳቸው። ሌላ ሰው ከሚነካው ሐዋሳ ቢቀርብኝ ይሻላል። በታጠበ ብሎንም አልነዳም።

ቅዳሜ ከሰዓት አባባ ጋራዡን ዘግተው ጨንቻ ቤታቸው ይወጣሉ። ከመካኒክነት በፊት ሸማኔ ነበሩ፤ አሁንም ይሸምናሉ። ተከትያቸው ሄድኩና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። መጠበቅ አልችልም፤ ግን ጠበቅኩ።

መሀል ላይ አቆሙ። ከድሩ አንዱን ክር በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ቆርጠው ጣሉት፤ በቦታው ሌላ ቀጠሉ። ክሩ አልተበጠሰም ነበር። ለምን ጣሉት አልኳቸው።

«ተስቧል» አሉ። «አንዴ ከተሳበ አይመለስም። ደህና መስሎ ይቆይና ጠበቅ ሲያደርጉት ይለቃል።»

ከቦርሳዬ ሁለት ብሎን አወጣሁ። አንዱ እሳቸው ያጠቡት፣ አንዱ የዛው ዓይነት ሆኖ ያልተነካ አዲስ። መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው።

ጎን ለጎን አቁመው ጫፋቸውን በጥፍራቸው ዳሰሱ። ጥፍራቸው ያዘ። የታጠበው ረዝሟል። እንደገና ዳሰሱ። ከዛ ከኪሳቸው ያን ከአስፋልት የለቀሙትን አወጡ። የተበጠሰው ብሎን ነው፤ አንገቱ ቀጥኗል። እስከዛሬ ይዘውት ነው የሚዞሩት።

«ይሄንንም ያጠብኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«እኔ ደህና ነኝ አባባ። ሌላው ብረት ነው።»

በምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«በሚኒባስ። መኪና የለኝማ።»

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ሰኞ ካርቶኑ ተከፍቶ ነበር። አባባ አዲሱን ቢየላ ሲገጥሙ ውለው ምሳቸውን ቆመው በሉ።

ሞተሩን ቀስ እያልን ካለማመድነው በኋላ ወደ ዳገቱ ልወጣ ስል ከጎኔ ገቡ። ገብተው አያውቁም ነበር። ቢየላው የተበጠሰበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ነዳጅ መስጫው ላይ እግሬ ሳላዘው ላላ። አባባ ቀበቶውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊት ለፊት እያዩ ነው።

«ምነው?» አሉ። «ጨምሪ እንጂ። አዲስ ነው።»

ጨመርኩ።