ቆመው የቀሩት ሕዋሶች

ሩዋይዳ ሸዋ ሮቢት ላይ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው አባቷ ሳልህ በመስኖ የሚያለሙትን ቀይ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱ ውኃ ላይ ሲቀመጥ ነጫጭ ሥር ያወጣል፤ የሥሩ ጫፍ ላይ ያሉት ሕዋሶችም ያለማቋረጥ ይከፈላሉ። አንዱ ሕዋስ ሁለት ሊሆን ሲል መንትያ ክሮሞዞሞቹ መጀመሪያ መሀል ላይ ይሰለፋሉ፤ ከዚያ ድንገት ተላቅቀው ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ።

ልቀቁ የሚላቸው ማነው? መጽሐፉ መልስ አለው። ሰዓቱ ሲደርስ ሕዋሱ አንዳንድ ፕሮቲኖች ላይ ዩቢኪቲን የሚባል ትንሽ ምልክት ይለጥፋል፤ ምልክት ያለበትን ፕሮቲን ፕሮቲያዞም የሚባለው ፈጪ ያደቀዋል። ሩዋይዳ ግን በዓይኗ ማየት ፈለገች። ከአማካሪዋ ከዶክተር ተመስገን ፈጪውን የሚያግድ መድኃኒት በትንሽ ብልቃጥ ተቀብላ መጣችና ጓንቷን አጥልቃ ሥሮቹን ነከረቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ስታይ ክሮሞዞሞቹ መሀል ላይ እንደተሰለፉ ቀርተዋል። እየፈነጠዘች ለአማካሪዋ ደወለች።

«መድኃኒቱ ገድሏቸው ቢሆንስ?» አሉ ዶክተር ተመስገን። «በሕይወት መኖራቸውን በምን አወቅሽ?»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብድግ አለች። መድኃኒቱን አጥባ ብታወጣውስ? በሕይወት ካሉ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ! የቀሯት ሦስት ሥሮች ብቻ ነበሩ። ውኃውን እየቀያየረች አጠበቻቸው።

ይሄኔ መብራት ጠፋ። ሩዋይዳ ከትምህርት ቤቱ የተዋሰችውን ባለመስታወት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ከቤት ወደ ግቢ አወጣችና ፀሐይዋን በመስታወቱ ያዘቻት። አባቷ አካፋቸውን ተሸክመው ከማሳ ሲመለሱ ደረሱባት።

«ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የምትራወጪው?»

«አባ፣ መንትዮቹ በገመድ ታስረዋል። ገመዱን የሚቆርጥ መቀስ አለ፤ መቀሱን ግን አንድ ፕሮቲን ጨምድዶ ይዞታል። ያ ያዢ ምልክት ተለጥፎበት ካልጠፋ መቀሱ አይሠራም።»

«አንቺ ደግሞ ያዢው እንዳይጠፋ ከለከልሽ።»

«አዎ! አሁን ፈቀድኩ። ሞተው ከሆነ ግን ቢፈቀድላቸውም አይንቀሳቀሱም።»

ሳልህ አካፋውን ጥለው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

የመጀመሪያውን ሥር በስስ ብርጭቆ ስትጫነው ከመጠን በላይ ጨፈለቀችው። ሁለተኛው ላይ ሁሉም እንደተሰለፉ ናቸው። ቸኩላ ይሆን? ሦስተኛውን ውኃ ውስጥ ተወችውና ሌላ አንድ ሰዓት እንደምንም ጠበቀች። ከዚያ አለስልሳ፣ ቀለም አጠጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ተጫነችው።

«አባ!» ጩኸቷ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። «ሄዱ! ተላቀቁ!»

ሳልህ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱ። መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን ሽፋሽፍት ነበር። ቀጥሎ ግን አፋቸውን ያዙ።

«ሁለት ረድፍ ነው… ወዲያና ወዲህ የሚጎተት! ማሻአላህ! ይሄ ሁሉ በእኔ ሽንኩርት ውስጥ ነው?»

«በእርስዎ ሽንኩርት ውስጥ!»

በስልኳ ፎቶ አንስታ ለአማካሪዋ ላከች። ዶክተር ተመስገን ወዲያው ደወሉ፤ ድምፃቸው እንደወትሮው የረጋ አልነበረም።

«በሕይወት ነበሩ ማለት ነው! ሩዋይዳ፣ በሌሎች ሽንኩርቶች ድገሚው። ከደገመልሽ አብረን እንጽፈዋለን።»

«ስንት ሽንኩርት ይበቃሻል?» አሉ ሳልህ፣ ስልኩ እንኳ ሳይዘጋ።

«ሃያ!»

ሩዋይዳ ጓንቷን ሳታወልቅ አባቷን ቀድማ ወደ ማሳው ሮጠች።